ወረቀቱን የሚቀበልሽ ማን ነው?

አንዲት አንባቢ የጻፈችልኝ ደብዳቤ ረዘም ያለ ስለነበር አሳጥሬዋለሁ።

«እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው። 36 ዓመቴ ነው፤ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ነርሲንግ ሆም ውስጥ ጂ.ኤን.ኤ. (የአረጋውያን ነርስ ረዳት) ሆኜ ማታ ማታ እሠራለሁ። አገር ቤት ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ሁለት ዓመት አካውንቲንግ ተምሬያለሁ፤ ዲቪ ሲደርሰኝ አቋርጬ መጣሁ። ባለፈው ወር ስልኬ ላይ ‹ሕይወትዎን ዛሬ ይቀይሩ› የሚል ማስታወቂያ አይቼ ስሜንና ቁጥሬን ሞላሁ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ተደወለልኝ። ከዚያ ወዲህ በቀን ሦስት ጊዜ ይደውላሉ። ትምህርቱ ሙሉ በሙሉ ኦንላይን ነው፤ በሄልዝኬር አድሚኒስትሬሽን ባችለር ዲግሪ። አንድ ክሬዲት 480 ዶላር ነው፤ በጠቅላላው 120 ክሬዲት። ሰውየው ‹ፋፍሳ ትሞያለሽ፣ ከኪስሽ ምንም አይወጣም› አለኝ። እስከ ዓርብ ካልተመዘገብኩ ቦታው ያልቃል ብሏል። ባለቤቴ ኡበር ነው የሚሠራው። ‹ኦንላይን ማለት ዩቲዩብ ማየት ነው፣ ማን ያምነዋል› እያለ ይስቅብኛል። እኔ ግን ሰው ሳጥብ ማርጀት አልፈልግም። አንድ ቀን አገሬ ብገባስ ዲግሪው ይሠራልኛል? እንደ ታላቅ እህት ሆነው ይምከሩኝ።»

እህቴ፣

«ሰው ሳጥብ ማርጀት አልፈልግም» የምትለዋን መስመር ሁለቴ አነበብኳት። ሥራው አሳፍሮሽ እንዳልሆነ ገብቶኛል። ሌሊቱን ሙሉ ሰው ስታገላብጥ የምታድር ሴት ወገቧ እስከ ስንት ዓመቷ እንደሚችላት ታውቃለች። ስለዚህ ትማሪ አትማሪ በሚለው ጊዜ አናጥፋ። ትማሪያለሽ። የት፣ በስንት ብርና ምኑን አስቀድመሽ የሚለውን እናውራ።

በባለቤትሽ ልጀምር። ሙሉ በሙሉ አልፈርድበትም። አገር ቤት «በርቀት ነው የተማረው» ሲባል ፊቱን የሚያጨማድድ ሰው ሞልቶ ነበር። በፈረንጆቹ 2010 ትምህርት ሚኒስቴር የርቀት ትምህርትን እስከማገድ ደርሶም ነበር። በኋላ ተፈቀደ፤ ጥርጣሬው ግን ከሰው ልብ አልወጣም። ባለቤትሽ ያንን ጥርጣሬ ከበርበሬውና ከሽሮው ጋር ሻንጣው ውስጥ ይዞት መጥቷል። ብዙዎቻችን ይዘነው መጥተናል።

ግን ተሳስቷል። እንግሊዞች በርቀት የሚያስተምረውን ኦፕን ዩኒቨርሲቲን ካቋቋሙ ከ50 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል፤ በ1969 ነው። ከእናንተ ሰፈር ብዙም ሳይርቅ፣ አደልፊ ላይ፣ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ግሎባል ካምፓስ አለ፤ ሰዉ ዩ.ኤም.ጂ.ሲ. ይለዋል። የስቴቱ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ነው። ከ1947 ጀምሮ ቀን ሥራ የሚውሉ ሰዎችንና ወታደሮችን ሲያስተምር ኖሯል። ዛሬ ትምህርቱ በአብዛኛው ኦንላይን ነው። ጆርጂያ ቴክ ደግሞ በ2014 የኮምፒውተር ሳይንስ ማስተርሱን ኦንላይን ሲጀምር ጠቅላላ ክፍያው ከ7,000 ዶላር በታች ነበር። ዲግሪው ላይ «ኦንላይን» የሚል ቃል አልተጻፈበትም። ግቢ ውስጥ የተማረው ልጅ የሚይዘው ወረቀት ነው።

«ዩቲዩብ ማየት ነው» ለሚለው ደግሞ ይህቺን ንገሪልኝ። አሌክሳንድሪያ የምትኖር ጓደኛዬ የስታቲስቲክስ ማጠቃለያ ፈተናዋን ኩሽና ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣ ነው የወሰደችው። ከመጀመሯ በፊት ተቆጣጣሪው በካሜራ ጠረጴዛውን ከላይ፣ ከዚያ ከሥር አሳዪኝ አላት። ፀጉሯን ወደ ኋላ አድርጋ ጆሮዋን አሳየች። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ካላንደር አየና «እሱን አውርጂ» አላት። ከሐበሻ ሱቅ የተሰጣት፣ የጾም ቀን ሁሉ የተጻፈበት ካላንደር ነው። ቁጥር አለበት፤ ምን እንደሆነ በምን ይወቅ! አወረደችው። ፈተናው አርባ ደቂቃ እንደሄደ አማቷ ስኒ ይዘው ገቡ። «አንቺ ልጅ፣ ሁለተኛው ወረደ እኮ፣ አትመጪም?» አሉ። ስክሪኑ ተቆለፈ። ሰው አናግራለች ተባለ። አማቷ የእንግሊዝኛ ስታቲስቲክስ እንደማያውቁ ለማስረዳት ሁለት ሳምንት ኢሜይል ስትጽፍ ከረመች። በመጨረሻ ድጋሚ ፈተኗት፤ አለፈች። ዩቲዩብ እንዲህ አያንገላታም።

ስለዚህ ኦንላይን ስለሆነ ብለሽ አትፍሪ። እኔን ያስፈራኝ የሚደውልልሽ ሰው ነው።

ራሱን «የአድሚሽን አማካሪ» ብሎ ሳያስተዋውቅ አይቀርም። በእኛ ቋንቋ ደላላ ነው። ስምሽን የሞላሽበት ገጽ ምናልባት የትምህርት ቤቱ እንኳ ላይሆን ይችላል። የሰው ስምና ስልክ ሰብስበው ለትምህርት ቤቶች የሚሸጡ ድርጅቶች አሉ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ የሚደወለውም ቀድሞ የደወለ ስለሚቀድም ነው። የፌዴራሉ ሕግ ከ1992 ጀምሮ መዝጋቢን በሰው ራስ ቆጥሮ ኮሚሽን መክፈልን ይከለክላል። ሕጉ እንዲወጣ ያደረገው ምን ዓይነት ሥራ እንደነበር አንቺው ገምቺ። «እስከ ዓርብ ቦታው ያልቃል» ለሚለው መሳቅ ብቻ ነው። ኦንላይን ክፍል ወንበር የለውም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

«ከኪስሽ ምንም አይወጣም» ያለሽን ግን አብረን እናስላው። 480 ሲባዛ በ120፣ 57,600 ዶላር ነው። መጽሐፉና «የቴክኖሎጂ ክፍያ» የሚሉት ገና አልገባም። ፋፍሳ የፌዴራል መንግሥት የትምህርት ድጋፍ ማመልከቻ ፎርም ነው እንጂ ገንዘብ አይደለም። በፎርሙ በዋናነት ሁለት ዓይነት ገንዘብ ይመጣል። አንዱ ፔል ግራንት ነው፤ አይመለስም። ጣሪያው በ2025-26 የትምህርት ዘመን 7,395 ዶላር ነው። ሌላው ብድር ነው። እንበልና ገቢያችሁ ዝቅተኛ ሆኖ፣ ሙሉ ጊዜ ተምረሽ፣ አራት ዓመት ሙሉ ጣሪያውን አገኘሽ። 29,580 ዶላር ይሆናል። ቀሪው 28,020 ዶላር ያንቺ ዕዳ ነው፤ ከነወለዱ። ማታ እየሠራሽ በግማሽ ጊዜ ከተማርሽ ደግሞ ፔሉም በዚያው ልክ ይቀነሳል። የፌዴራል የትምህርት ብድር በኪሳራ ፍርድ ቤት እንኳ በቀላሉ አይሰረዝም። መክፈል ካቆምሽ ከደሞዝሽ ሊቆርጡት ይችላሉ። ከኪስሽ አይወጣም ያለው ለዛሬ ነው፤ ለዛሬ ከሆነ እውነቱን ነው።

ፔልም ማለቂያ አለው። ለአንድ ሰው በዕድሜ ልኩ የሚሰጠው የ12 ሴሚስተር ያህል ነው። የማይረባ ቦታ ከበላሽው ሁለተኛ አታገኚውም።

ይህን ሁሉ ከውጭ ሆኜ አይደለም የማወራሽ። እዚህ አገር በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት እኔም በስልክ ተመዝግቤያለሁ። ስሙን አልጠራም። 21 ክሬዲት ጨረስኩ። ውጤቴም ጥሩ ነበር። ውይይት የሚባለው ላይ ሁላችንም «በሐሳብሽ እስማማለሁ፣ ግሩም ነው» እየተባባልን ነጥብ እናገኝ ነበር። ከዚያ ወደ መንግሥት ኮሌጅ ልዛወር ብዬ ወረቀቴን ይዤ ሄድኩ። ሬጅስትራሯ ደግ ሴት ነበረች፤ ገልበጥ ገልበጥ አደረገችና «አንዱንም አልቀበልም» አለችኝ። መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ አለቀስኩ። በኋላ ግን ያናደደኝ ሌላ ነገር ነው። ያቺን ሴት ገንዘቡን ከመክፈሌ በፊት ደውዬ ልጠይቃት እችል ነበር። የአሥር ደቂቃ ስልክ ነው።

እንግዲህ የምመክርሽ ይህንኑ ነው። ስለ ወረቀቱ የሚሸጥልሽን ሰው አትጠይቂ፤ የሚቀበልሽን ጠይቂ።

«ዕውቅና አለን» የሚለውን ቃል ሻጩ ሁሉ ይለዋል። በ2015 ኒው ዮርክ ታይምስ ያጋለጠው አክዛክት የሚባል የካራቺ ድርጅት በመቶ የሚቆጠሩ የሌሉ ዩኒቨርሲቲዎችን ኢንተርኔት ላይ ከፍቶ ፎርጅድ ዲግሪ ይቸበችብ ነበር። ገልፍ አገሮች ውስጥ ብዙ ደንበኛ ነበረው። ዕውቅና ሰጪ ነን የሚሉ ድርጅቶችንም ራሱ ነበር የፈጠራቸው። ስለዚህ «አለን» ሲሉሽ «ከማን?» በይ። ከዚያ የሰጪውን ስም የአሜሪካ ትምህርት መሥሪያ ቤት ዝርዝር ውስጥ ራስሽ ፈልጊ። በእኛ አካባቢ የታወቀው ሰጪ ሚድል ስቴትስ ነው። ዩ.ኤም.ጂ.ሲ.ም የካውንቲያችሁ ሞንትጎመሪ ኮሌጅም በእሱ ሥር ናቸው።

ዕውቅናው እውነተኛ ሆኖም ግን ብቻውን አይበቃም። ፊኒክስ ዩኒቨርሲቲ ዕውቅና ያለው ትምህርት ቤት ነው። ቢሆንም በ2019 ከፌዴራሉ ንግድ ኮሚሽን ጋር በ191 ሚሊዮን ዶላር ተስማምቷል። ክሱ፣ እንደ ማይክሮሶፍትና ትዊተር ካሉ ድርጅቶች ጋር ለተማሪዎቹ የሥራ ዕድል የሚፈጥር የሚያስመስል ማስታወቂያ ነዝቷል የሚል ነበር። ትምህርት ቤቱ ጥፋቱን አላመነም። ከገንዘቡ 141 ሚሊዮኑ ተማሪዎች ለትምህርት ቤቱ የነበረባቸው ዕዳ ስረዛ ነበር። የፌዴራል ብድራቸውን ግን ያ ስምምነት አልነካውም። ኮሌጅ ስኮርካርድ የሚባል የመንግሥት ገጽ አለ። የትምህርት ቤቱን ስም ስትጽፊ ከገቡት ስንቱ እንደሚመረቅ፣ ዕዳቸው ስንት እንደሆነ፣ ተመርቀው ስንት እንደሚያገኙ ያሳይሻል። ዛሬ ማታ በእረፍትሽ ሰዓት እይው።

አሁን ወደ ተቀባዮቹ እንምጣ። ያንቺ የመጀመሪያ ተቀባይ እዚያው ሥራ ቦታሽ አለች። ጠዋት ከሺፍት ስትወጪ የነርሶቹን ዳይሬክተር ሁለት ደቂቃ አቁሚያት። «የሄልዝኬር አድሚኒስትሬሽን ባችለር ይዤ ብመጣ እዚህ ምን ታደርጊኛለሽ?» በያት። ፊቷን እይ። እኔ እንደሚመስለኝ «የአር.ኤን. (የተመዘገበ ነርስ) ላይሰንስ ይዘሽ ነይ» ነው የምትልሽ። የአድሚኒስትሬሽን ዲግሪ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። ነርስ ሆና ለኖረች፣ ቡድን ለመራች ሴት ጥሩ መሰላል ነው። ከጂ.ኤን.ኤ. ተነስታ በዚያ ወረቀት ብቻ ቢሮ ለመግባት ግን መንገዱ ቀጭን ነው። እግረ መንገድሽን የትምህርት ድጋፍ ካላቸው የሰው ኃይሉን ክፍል ጠይቂ። አሠሪ በዓመት እስከ 5,250 ዶላር ለትምህርትሽ ቢከፍልልሽ ታክስ የለበትም። ብዙ ሰው ሳያውቀው ያልፈዋል።

ልብሽ ነርስነትን ከፈለገ፣ መንገዱ ይህ ነው። ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ታኮማ ፓርክ/ሲልቨር ስፕሪንግ ካምፓሱ ላይ የነርሲንግ ትምህርት አለው። ለካውንቲው ነዋሪ ክሬዲቱ ከነክፍያው ከ200 ዶላር በታች ነው። መግቢያው ፉክክር አለበት፤ አልዋሽሽም። ቅድሚያ የሚወሰዱትን ኮርሶች፣ እንግሊዝኛውን፣ ሳይኮሎጂውን፣ ልጆቹ ሲተኙ ኦንላይን መጨረስ ትችያለሽ። ነርሲንጉ ራሱ ግን በአካል ነው። ሆስፒታል ገብተሽ፣ በሰው ላይ፣ አስተማሪ አጠገብሽ ቆሞ። ከኩሽና ጠረጴዛ ላይ ብቻ አር.ኤን. አደርግሻለሁ የሚልሽ ካለ ስልኩን ዝጊው። አሶሺየቱን (ከባችለር በታች ያለውን የኮሌጅ ዲግሪ) ጨርሰሽ፣ የላይሰንስ ፈተናውን አልፈሽ፣ የአር.ኤን. ደሞዝ መብላት ከጀመርሽ በኋላ ባችለሩን ኦንላይን ትጨርሺዋለሽ። ዩ.ኤም.ጂ.ሲ. ለተመዘገቡ ነርሶች የሚሰጠው ፕሮግራም አለው። ለሜሪላንድ ነዋሪ ክሬዲቱ ከ300 ዶላር ትንሽ ከፍ ይላል። አብዛኛውን ክሬዲት ኮሌጅ፣ ቀሪውን ኦንላይን ብትወስጂ ሁሉም ተደምሮ ሰውየው ከሚጠይቅሽ በብዙ ያንሳል። የ57,600ው ግማሽ አካባቢ ነው፤ ላይሰንስም አለበት።

በነርሲንግ በኩል አቋራጭ የሚያሳይሽ ሰው ደግሞ አይጠፋም። በየቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ በየለቅሶ ቤቱ «አንድ ሰው አለ፣ ፍሎሪዳ» የሚል ይኖራል። በጥር 2023 የፌዴራል መርማሪዎች ኦፕሬሽን ናይቲንጌል ብለው የከፈቱት ዘመቻ ይፋ ሆነ። ፍሎሪዳ ውስጥ ሦስት የነርሲንግ ትምህርት ቤቶች ከ7,600 በላይ ፎርጅድ ዲፕሎማና ትራንስክሪፕት ሸጠዋል ተባለ። 25 ሰዎች ተከሰሱ። ከገዙት ውስጥ የላይሰንስ ፈተናውን ያለፉም ነበሩበት፤ በኋላ የየስቴቱ ነርሲንግ ቦርድ እያሳደደ ላይሰንስ ነጥቋል። ወረቀቱን የገዛችው ሴት ብሩም ሄደ፣ ሥራውም ሄደ፣ ስሟም ተበላሸ። ስለዚህ ሁለተኛዋ ተቀባይሽ የሜሪላንድ ነርሲንግ ቦርድ ናት። የፈቀደቻቸውን ትምህርት ቤቶች ዝርዝር ታወጣለች። እዚያ ከሌለ፣ የለም።

አንድ ነገር ግን ደብዳቤሽ ውስጥ በግማሽ መስመር አልፈሽዋል፤ እኔ እዚያ ላይ ቆምኩ። ሁለት ዓመት አካውንቲንግ! ሰውየው ስለዚህ ጠይቆሽ ያውቃል? አይጠይቅሽም። 120ውን ሊሸጥልሽ ነው የመጣው። ሒሳቡ፣ እንግሊዝኛው፣ ኢኮኖሚክሱ ቢያንስ ተገምግሞ ሊያዝልሽ ይችላል። መጀመሪያ ሞንትጎመሪ ኮሌጅ የየትኛውን ገምጋሚ ድርጅት ወረቀት እንደሚቀበል ጠይቂ። ከዚያ አገር ቤት ያለ ወንድምሽን ወይ እህትሽን ውክልና ሰጥተሽ ሬጅስትራር ላኪ፤ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ታሽጎ በቀጥታ ወደ ገምጋሚው እንዲላክ። የኮስት ሼሪንግ ቀሪ ካለብሽ ክፈዪ ሊሉሽ ይችላሉ። በብር ስለሆነ በዛሬው ምንዛሪ ብዙም አይከብድሽም። የሚከብደው የሚመላለሰው ሰው ድካም ነው፤ የታክሲውን አትርሺበት።

አገር ብገባስ ላልሽው አጭር መልስ አለኝ። የውጭ ዲግሪን የአቻ ግምት የሚሰጠው አዲስ አበባ ያለው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው። መመሪያ ስለሚቀያየር የማንንም የካፌ ወሬ አትመኚ። የትምህርት ቤቱን ስምና «ኦንላይን» የሚለውን ቃል ጽፈሽ በኢሜይል ጠይቂ፤ መልሱን አስቀምጪው። በአካል የተማርሽው የነርሲንግ አሶሺየትና የሜሪላንድ ላይሰንስ ካለሽ ደግሞ አቋምሽ ያን ያህል አያሰጋም።

ሰውየው እስከዚያ መደወሉን አይተውም። ሲደውል አትከራከሪው፤ እሱ ለክርክር ሠልጥኖ ነው የተቀመጠው። ሁለት ነገር በኢሜይል ላክልኝ በዪው። አንደኛ፣ ከመጀመሪያው ክሬዲት እስከ ምርቃቱ ጠቅላላ ወጪው ስንት እንደሆነ። ሁለተኛ፣ ክሬዲቱን ሞንትጎመሪ ኮሌጅና ዩ.ኤም.ጂ.ሲ. እንደሚቀበሉት የሚገልጽ ጽሑፍ። ከላከ ጥሩ፤ ለሁለቱ ትምህርት ቤቶች ደውለሽ ታረጋግጪያለሽ። «እሱን በስልክ ላስረዳሽ» ካለ ቁጥሩን ብሎክ አድርጊና ተኚ፤ ማታ ሺፍት አለብሽ።